ሁሉም ያውቀኛል

ሊሙ ገነት መናኸሪያ ውስጥ «ሰቃ! ሰቃ!» እያለ የሚጣራ ረዳት የከተማውን ሰው ግራ አያጋባም፤ ሊሙ ሰቃ ማለቱ ነው። ያው ረዳት ጅማ ላይ ቆሞ «ሰቃ!» ቢል ግን ሌላ ሰቃ ነው፤ በቦንጋ መንገድ የሚገኘው ሰቃ ጨቆርሳ። ሁለቱም የጅማ ዞን ወረዳዎች ናቸው። ረዳቱ የዘለለውን ግማሽ ስም የቆመበት ቦታ ይሞላለታል። ተሳፋሪውም የሚወርድበት ሲደርስ «ወራጅ አለ» ብሎ አይጨርስም፤ «ወራጅ!» ሲል መኪናው ይቆማል። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲጠራ ቡናው መፍላቱን፣ መጥተው እንዲጠጡ መፈለጉን አይዘረዝርም። በአጥር በኩል «ቡና!» ይላል፣ ቤቱ ይሞላል። «እንዴት አደሩ?» የተባለ ሰውም «ይመስገን» ሲል ማን እንደሚመሰገን መናገር አያሻውም።

አፍ የሚዘለው ጆሮ የሚያውቀውን ነው። አንድ ገበያ የሚውሉ፣ አንድ ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች ነገሩን ሁሉ ከነሙሉ ስሙ መጥራት አይጠበቅባቸውም፤ እንዲያውም በመካከላቸው እያንዳንዷን ቃል አሟልቶ የሚናገር ሰው ከሩቅ የመጣ እንግዳ ይመስላል። ስለዚህ ወጣቶች በስልክ መልእክት ፊደል ዋጡ፣ ቃል ቆረጡ እያሉ ከሚቆጡት ጋር አልቆምም። «እመጣለሁ» ማለት ሲገባው «እመጣለው» ብሎ አንድ ልጅ የላከው ለጓደኛው ገብቶታል፤ ቀጠሮውም አልፈረሰም። የቋንቋ መምህሩ በክፍል ውስጥ ያርመው፣ ተገቢ ነው። የአደባባይ ቁጣችን ግን ሌላ ቦታ ቢውል ይሻላል። ቃል ተዘልሎ ሰው ሲጎዳ የማየው በቡና መረከቢያው ሚዛን፣ በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛና በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ ነው።

ባለፈው የቡና ወቅት በሊሙ ኮሳ ወረዳ አንድ የእሸት ቡና መረከቢያ ቆሜ ነበር። አንድ አዛውንት በአህያ የጫኑትን ቀይ እሸት አውርደው ሚዛን ላይ አስቀመጡ። መዝጋቢው ወጣት ካርኒውን ገልጦ «ሐጂ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» አላቸው፤ በአክብሮት ነው የጠየቀው። «አባ ገሮ በል ልጄ፤ ሁሉም ያውቀኛል» አሉት። ልጁም እንዳሉት ጻፈ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ይህ ብቻ ነበር፦ «አባ ገሮ፣ 46፣ 17/3»፤ ከሥሩ አንድ ፊርማ። 46 ምን እንደሆነ አልተጻፈም። የአንዱ ኪሎ ዋጋ አልተጻፈም። ዓመተ ምሕረቱ የለም። ፊርማው አለ፣ የፈራሚው ስም ግን የለም። እሸት ይሁን የደረቀ ጀንፈል የሚል ቃልም አልሰፈረም፤ የሁለቱ ዋጋ እንደሚለያይ ቡና የሚለቅም ልጅ ሁሉ ያውቃል። አዛውንቱ ካርኒውን አጣጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና አህያቸውን እየነዱ ሄዱ።

«ሁሉም ያውቀኛል» ያሉት እውነታቸውን ነው። እዚያ ሚዛን ዙሪያ ከነበረው ሰው አባ ገሮን የማያውቅ አልነበረም። ወረቀቱ ግን እዚያ አይቀርም፤ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሒሳብ ክፍል፣ ከዚያም እስከ ማኅበራቱ ዩኒየን ይጓዛል። የኅብረት ሥራ ማኅበር ዓመቱ ሲዘጋ ከትርፉ ለአባላቱ የሚያካፍለው እያንዳንዱ ባስረከበው ምርት ልክ ነው። በዚያን ጊዜ መዝገብ የሚያገላብጠው ሰው አዛውንቱን አይቷቸው አያውቅም። በቀበሌው ስንት አባ ገሮ እንዳለም አያውቅም። 46 ኪሎ ይሁን 46 ፈረሱላ ወረቀቱ አይነግረውም፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና ልዩነቱ የ46 እና የ782 ኪሎ ነው። ሚዛኑ ዘንድ የተዘለሉት ቃላት ሁሉ በዚያን ቀን ጥያቄ ሆነው ይመጣሉ፤ መልስ አምጣ የሚባለው ደግሞ ገበሬው ነው።

ለዚህ ነው በንግግር መዝለልና በጽሑፍ መዝለል አንድ አይደሉም የምለው። በንግግር የዘለልኩትን አንተ ወዲያው ትሞላለህ፣ ካልገባህም ፊቴ ላይ አይተህ ትጠይቀኛለህ። ወረቀት ላይ የተዘለለውን የሚሞላ ሰው ሌላ ቀን፣ ሌላ ቢሮ ውስጥ ነው የሚፈለገው። መዝጋቢው ግማሽ ደቂቃ ያተርፋል፤ ባለጉዳዩ ያንን ግማሽ ደቂቃ በእግር መንገድና በትራንስፖርት ይከፍላል። ልጁን ክፉ አልለውም። ከኋላው ረጅም ሰልፍ ነበር፣ ካርኒውም ራሱ «ስም»፣ «መጠን»፣ «ቀን» ከሚሉ ሦስት ባዶ መስመሮች በቀር ሌላ ነገር አልጠየቀውም።

በጅማና በአካባቢው ነገሩን የሚያከብደው የስማችን አወጣጥ ነው። አባ ገሮ፣ አባ ፊጣ፣ አባ መጫ የሚባሉት ስሞች የመጡት ሰውን በፈረሱ ስም ከመጥራት ልማድ ነው። ሰቃን መናገሻው አድርጎ ከ1825 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. ሊሙ እናሪያን የገዛው ንጉሥ የራሱ ስም ኢብሳ ነበር፤ ታሪክ የሚያውቀው ግን አባ ባጊቦ በሚለው ነው። በዚህ ዓይነት የክብር ስም አባት ሲጠራበት ኖረ፣ ልጅም የአባቱን ስም ሲጠየቅ ያንኑ ሰጠ። አሁን ቅጹ መጣና «ስም»፣ «የአባት ስም»፣ «የአያት ስም» የሚሉ ሦስት ሣጥኖች ይዞ ቀረበ። አንዱ ጸሐፊ «አባ»ን በአባት ሣጥን፣ «ገሮ»ን በአያት ሣጥን ይከታል፤ እውነተኛው አያት ከመዝገብ ይወጣሉ። ሌላው ሁለቱን ገጥሞ «አባገሮ» ይላል። ሦስተኛው «አባ» ማዕረግ መስሎት ይዘለውና «ገሮ» ብቻ ይጽፋል። አንድ ሰው በትምህርት ማስረጃው አንድ ስም፣ በመሬት ይዞታ ደብተሩ ሌላ፣ በባንክ ደብተሩ ሦስተኛ ስም ይዞ ይገኛል። ሦስቱም የተጻፉት እሱ በአፉ አንድ ዓይነት መልስ እየሰጠ ነው።

ይህ ቀድሞም ነበረ፤ አሁን ግን ዋጋው ጨምሯል። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደው ለአብዛኛው የገጠር ሰው የስሙ ምንጭ አንድ ቀን አንድ ጸሐፊ የጻፈው ወረቀት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት ተደነገገ፣ ፋይዳም መጣ። ፋይዳ ጣትህንና ዓይንህን ያነብባል፤ አንድ ሰው መሆንህን በደንብ ያውቃል። ወረቀቶችህ ግን ሦስት ሰው ነህ ይላሉ። አንድ «አባ» በመዘለሉ ምስክር ይዞ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ገበሬ፣ ብድሩ የሚታገድበት ነጋዴ፣ የዩኒቨርሲቲ ማስረጃዋ ከመታወቂያዋ ጋር አልገጥም ብሎ የሥራ ቅጥር ያለፋት ወጣት ሞልተዋል። እነዚህ ሰዎች አንድም ነገር አላጠፉም።

በአማርኛ አጻጻፋችን የለመድነው እዝባር ሌላው የስም ጉድጓድ ነው። ገ/ ሲባል ገብረ፣ ኃ/ ሲባል ኃይለ ብለን እንሞላለን። ወ/ማርያም ሲባልስ? ወልደ ማርያም ወንድ ነው፣ ወለተ ማርያም ሴት ናት። ተ/ ሲባል ተክለ ነው ተስፋ? በሰፈር ውስጥ አያሳስትም፤ ሰውየውን እናውቀዋለን። ስሙ ወደ ላቲን ፊደል ተገልብጦ ፓስፖርት ላይ ሲወርድ ግን እዝባሯ ወይ ትጠፋለች ወይ ሰው በራሱ ግምት ይሞላታል፤ በግምት የተሞላው ስም ከዚያ በኋላ የሰውየው ስም ሆኖ ይቀራል።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ሊሙ ገነትን የአገሬው ሰው ገነት ይላታል፣ ሱንቱም ትባላለች፣ ሲያሳጥራት ደግሞ ሊሙ ብቻ ነች። ጅማ ዞን ውስጥ ብቻ ሊሙ ኮሳና ሊሙ ሰቃ አሉ። ምሥራቅ ወለጋ ላይ ሌላ ሊሙ ወረዳ አለ፤ በቆጂ ያለችበት የአርሲው ወረዳ ሊሙና ቢልቢሎ ነው። ገነትም ቢባል የሆለታ ሙሉ ስም ሆለታ ገነት ነው። ጅማ ራሱ ብቻውን አይበቃም፤ ጅማ አርጆ፣ ጅማ ራሬ፣ ጅማ ገነቲ የሚባሉት ሁሉ በወለጋ በኩል ያሉ ወረዳዎች ናቸው። «ለጅማ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ፣ «ትውልድ ቦታ፦ ሊሙ» ተብሎ ብቻ የተሞላ ቅጽ ለጻፈው ሰው የተሟላ ነው። ለሚያነበው ግን አገር አቋራጭ ጥያቄ ነው።

ስለ ቀንና ሰዓት ብዙ አልልም፤ ሁላችንም የምናውቀው ነው። «የትውልድ ዘመን 1995» ተብሎ ሲጻፍ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ከተዘለለ በዕድሜ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። ጡረታ የሚሰላው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው፣ ወጣት ስኮላርሺፕ የሚያመለክተው በዚህ ቁጥር ነው። ሰዓትም «ጠዋት» ወይም «ማታ» ካልተባለ፣ በእኛ ይሁን በፈረንጆቹ ካልተገለጸ ከበሽተኛ ቀጠሮ ጋር ይጣላል።

የበሽተኛን ነገር ካነሣሁ፣ የመድኃኒት ከረጢት ላይ «1×2» ብቻ ተጽፎ የሚሰጣቸው እናቶች አሉ። ባለሙያው አንድ አንድ ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ ማለቱ ነው። አንብባ የማትጨርስ እናት ወይም ቁጥሩን ለጎረቤት ልጅ የምታስነብብ አያት አንዱን ፍሬ ለሁለት ቀን ብትለው ማን ይፈርድባታል? ከምግብ በፊት ነው በኋላ የሚለው ደግሞ በቃል ተነግሯት መንገድ ላይ ይረሳል። በሐኪም ጽሑፍ መዝለል ሰው እንደሚገድል ዓለም አምኖበታል። በአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው የጥምር ኮሚሽን ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች ፈጽሞ እንዳይጠቀሙባቸው የከለከላቸውን አሕጽሮተ ቃላት ዝርዝር አወጣ። ከእነዚህ አንዷ የኢንሱሊን መለኪያ የሆነችው «ዩኒት» የምትጻፍባት አንዲት የላቲን ፊደል ናት፤ በእጅ ስትጻፍ ዜሮ ትመስላለች፣ ዜሮ ስትመስል 4 የነበረው 40 ይሆናል። ከነጥብ በፊት ዜሮ መዝለልም ተከልክሏል፤ ነጥቧ ካልታየች ግማሹ አምስት ሆኖ ይነበባልና። እዚያ ቃሉን አሟልቶ ለመጻፍ ያልሰነፈ ባለሙያ ነፍስ ያድናል ብለው ደንብ ካወጡ፣ እዚህ «በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ብሎ በሚገባት ቋንቋ መጻፍ ትርፍ ሥራ ተደርጎ መታየት የለበትም።

የሊሙ ገነት ልጅ ሦስት ፊደል እያየ ነው የሚያድገው። ትምህርት ቤት ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ኦሮምኛ የሚጻፍበት ቁቤ አለ። በሱቁና በጋዜጣው የግዕዝ ፊደል አለ። መድረሳ ደግሞ የዐረብኛው። ሦስቱም የሚዘሉትና የማይዘሉት ድምፅ አላቸው። የአማርኛ ጽሑፋችን የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው አይለይም፤ አንባቢው ከዙሪያው ይገምተዋል። ሀዲስ ዓለማየሁ ይህ ግምት አልበቃቸው ብሎ ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ አደረጉ። ልቦለዱን አገር ሁሉ አነበበው፣ ነጥቡን ግን የተከተለ ጥቂት ነው። ቁቤ በተቃራኒው የሚጠብቀውን ፊደል ይደግማል፣ የሚረዝመውንም አናባቢ እንዲሁ። ስለዚህ በቁቤ የሚጽፍ ሰው ተጣድፎ አንዲት ፊደል ሲያጎድል ቃሉ ራሱ ይቀየራል፤ «እውነት» ማለት የሆነው የኦሮምኛ ቃል መጨረሻው ሲያጥር «ይጠጣል» ይሆናል፣ «መሬት»ና «ለስላሳ» የሚለያዩትም በአናባቢ ርዝመት ነው። የመሬት ማመልከቻ በቁቤ የሚጽፍ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

የዐረብኛው ፊደል ትምህርት ይሰጠኛል። በጅማ ዑለማዎች በዐረብኛ ፊደል የራሳቸውን ቋንቋ ጭምር ሲጽፉበት ኖረዋል፤ በዕለታዊ የዐረብኛ ጽሑፍም አጫጭር አናባቢዎች አይጻፉም፣ አንባቢው ያውቃቸዋል ተብሎ ይታመናል። ቁርአን ሲጻፍ ግን አንዱም አይዘለልም። ፈትሓው፣ ከስራው፣ ደማው ይቀመጣል፤ በሚጠብቀው ፊደል ላይ ሸዳ ይደረጋል። ግምት የሚፈቀድበት ጽሑፍና የማይፈቀድበት ጽሑፍ እንዳለ የዚህ አገር ሰው ከሕፃንነቱ ያውቃል ማለት ነው። ለጓደኛ የሚላክ መልእክት ከመጀመሪያው ወገን ነው። የሰው ላብ፣ የሰው ስም፣ የሰው ጤና የሚመዘገብበት ወረቀት ግን አንዲት ምልክት ሳትቀር ሊሟላ ይገባዋል።

ከፊደልና ከስም ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የአድራጊው መዘለል ነው። የመንግሥት ማስታወቂያ ሰሌዳዎቻችንን አንብቡ። «ችግሩ በቅርቡ ይፈታል።» ማን ይፈታዋል? «አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል።» ማን፣ በማን ላይ፣ መቼ? «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው።» የሚያየው ሰው ስምና የቢሮ ቁጥር የት አለ? ቋንቋችን ባለቤቱን ሳይጠራ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ይችላል፤ ይህ ለግጥምና ለተረት ጸጋ ነው። ለማስታወቂያ ግን ኃላፊነት ሾልኮ የሚወጣበት በር ይሆናል። ውኃ የተቋረጠበት ሰፈር ነዋሪ «ይስተካከላል» የሚለውን ካነበበ በኋላ የሚጠይቀው ሰው የለውም፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሰው የለማ!

በሰው ለሰው ውልም ይኸው አለ። ክረምት ላይ እጅ ሲያጥር ቡናውን ገና ዛፍ ላይ እያለ የሚሸጥ ገበሬ ብዙ ነው። በአንዲት የደብተር ገጽ ላይ ውል ይጻፋል፦ «ቀሪው ገንዘብ ቡናው ሲደርስ ይሰጣል።» ይህችን «ይሰጣል» አላልተህ ካነበብካት ሰጪ አለባት፤ አጥብቀህ ካነበብካት ሰጪው ጠፍቷል። ስንት ቀሪ እንደሆነ አልተጻፈም። «ሲደርስ» ሲቀላ ነው፣ ሲለቀም ነው፣ ሲሸጥ ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1727 በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል በሁለት ምስክሮች ካልተረጋገጠ አይጸናም ይላል። በአንቀጽ 1728 ደግሞ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያደረገው የጣት ምልክት በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ሹም ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ማንበብ የማይችለውን አስበውታል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ውሉ ውስጥ ያልተጻፈውን ቃል ግን ዳኛም ከየትም አያመጣውም። ምስክሮቹም ሲጠየቁ የሚመሰክሩት ያዩትን ፊርማ ነው።

ከዚህ ሁሉ ትልቁ ዝላይ የተደረገው በራሱ በቡናው ላይ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፣ በዚያው ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 602/2000 የቡና ግብይት በአዲስ ሥርዓት ተደራጀ። ዋጋ ለሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲታይ፣ ክፍያ እንዳይቀር ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በጎማ፣ በማና፣ በጌራ የታጠበው ቡና ሁሉ ለገበያ ሲቀርብ «ሊሙ» በሚለው አንድ የደረጃ ስም ሥር ገባ። ያልታጠበውም «ጅማ» ተባለ። የቀበሌው፣ የማጠቢያ ጣቢያው፣ የገበሬው ስም መጋዘን በር ላይ ቀረ። ዛፉን የተከለው ሰው ቡናው የት እንደተጠጣ አላወቀም፤ የጠጣውም ሰው የማን እንደሆነ አላወቀም።

በዚያን ጊዜ በዩኒየን በኩል በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ግን ስማቸውን ይዘው ወጡ። በአጋሮ አካባቢ የሚገኘው የዱሮሚና ማኅበር ገበሬዎች ቡናቸውን አጥበው ማዘጋጀት በጀመሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ቀማሾች ከአፍሪካ ቡናዎች ምርጥ ብለው መረጡት። ያ ቡና «ሊሙ» በሚል የጋራ ጆንያ ውስጥ ተቀላቅሎ ቢሄድ ኖሮ የመረጡት ቀማሾች እንኳ ምን እንደመረጡ ባላወቁ። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ አዋጅ ቁጥር 1051/2009 እና አብረውት የመጡት ለውጦች ቡና ከመነሻው ስም ጋር የሚሸጥበትን መንገድ ከፈቱ። እኔ በዚህ ለውጥ ከልቤ ተደስቻለሁ። ስም ተመልሶ ሲጻፍ ገንዘብም ተከትሎ እንደሚመጣ የዱሮሚና ገበሬዎች አሳይተውናል።

አሁን ደግሞ ከገዢው ወገን የሚመጣው ጥያቄ ከስምም አልፏል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ መሠረት ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ በካርታ መጋጠሚያ መገለጽ አለበት፤ ቁጥሩም ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ይኖረዋል። የደንቡ ተፈጻሚነት ተራዝሟል፤ ጥያቄው ግን አልተነሣም። እንግዲህ ሚዛን ላይ «አባ ገሮ፣ 46» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ቡና በየትኛው ማሳ እንደበቀለ በማን ቃል ይረጋገጣል? የአያቱ ስም ከተዘለለ መዝገቡ ከማሳው ካርታ ጋር አይገጥምም። መጋጠሚያውን ሲገለብጥ አንድ አሃዝ የዘለለ ሠራተኛ የገበሬውን ማሳ ከጎረቤት ቀበሌ ደን ውስጥ ሊያስቀምጠው ይችላል። የሊሙ ገበሬ ደን ሳይነካ፣ በጥላ ዛፍ ሥር ያሳደገውን ቡና በጽሑፍ ጉድለት ምክንያት ከገበያ ቢያጣ ከባድ በደል ነው።

ችግሩን ማስወገድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ካርኒው ሲታተም «ኪሎ» የሚለው ቃል፣ «የኪሎ ዋጋ»፣ «ቀይ እሸት / ጀንፈል»፣ «ዓ.ም.» የሚሉት ቀድመው ይታተሙበት፤ ጸሐፊው ቢቸኩል እንኳ ሊዘላቸው አይችልም። በሌሎች ቅጾች ላይም ለስም ሦስት ሣጥን ብቻ አይሁን፤ «አባ» የሚል ስም ሳይቆረጥ በአንድ መስመር የሚገባበት ቦታ ይኑር። በካርኒው ላይ የአባልነት መለያ ቁጥር ከስሙ ጎን ይጻፍ። የተረካቢው ስም በግልጽ ጽሑፍ ከፊርማው በላይ ይስፈር። ካርኒው ለገበሬው ከመሰጠቱ በፊት በሚገባው ቋንቋ ጮክ ብሎ ይነበብለት፤ የተሳሳተው ቃል የሚታረመው እዚያው ሚዛኑ አጠገብ፣ ሁሉም በሚያውቀው ሰው ፊት ነው። የወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳም ላይ እያንዳንዱ «ይፈታል» ከጎኑ የፈቺውን ክፍል ስም፣ የስልክ ቁጥርና ቀን ይያዝ።

ካርኒ የሚታተመው ከለቀማው በፊት ነው፤ ሊሙ ላይ ቡና መቅላት የሚጀምረው መስከረም ሲያልፍ ነው። መሠረታዊ ማኅበራት ከዚያ በፊት በሚጠሩት ጠቅላላ ጉባኤ የካርኒው ናሙና አንድ አጀንዳ ይሁን፤ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት መስመር በመስመር ለአባላቱ ይነበብ፣ የጎደለ ቃል ካለ ገበሬዎቹ ራሳቸው እዚያው ያስጨምሩ።